የአርማወር ሐንሰን የሕይወት ታሪክ

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አውራ ጎዳና አጣዬን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ አገሩ ሁሉ ቆላ ነው። በግራና በቀኝ የማሽላና የማሾ ማሳ፣ ከሮቢ ወንዝ ውኃ ተጠልፎ የሚለማ የሽንኩርትና የአትክልት ቦታ፣ እዚህም እዚያም የግራር ዛፍ ይታያል። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ በአርማንያና በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣና የጣርማ በርን ዋሻ ሰንጥቆ ወደ ደጋው ይዘልቃል። ከሸዋ ሮቢት እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዘመናችን በተሽከርካሪ የግማሽ ቀን ጉዞ የሆነው ይህ ዳገት፣ በቀድሞው ጊዜ የሥጋ ደዌ ለያዘው የይፋት ሰው ከቀዬውና ከዘመዱ የሚለይበት መንገድ ነበር። በሽታው ከታወቀበት በኋላ ከማኅበርና ከእድር የተገፋ ሕመምተኛ ወደ ገዳማትና ወደ ጠበል ቦታዎች ሄዶ ምጽዋት ይለምን ነበር፤ ሕክምና መኖሩን የሰማ እንደሆነም በአዲስ አበባ ዳርቻ ወደሚገኘው ወደ ዘነበወርቅ ሆስፒታል ያቀናል።

በዚህ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ በ1965 አለርት በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። በ1970 ግድም ደግሞ ከኖርዌይና ከስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች በተገኘ እርዳታ በዚያው አጠገብ አንድ የምርምር ተቋም ተሠራ። ተቋሙ የተሰየመበት ሰው ኢትዮጵያን በዓይኑ ያላየ፣ ሕንፃው ሲገነባም ከሞተ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። አርማወር ሐንሰን የሚለውን ስም በበሩ ላይ እያነበቡ የሚያልፉ ብዙዎች ናቸው፤ የሰውየውን ታሪክ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። (በዚህ ንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ልብ ይበል።)

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ በሽታው ስም ጥቂት ማለት ተገቢ ነው። ደዌ በግዕዝ ሕመም ማለት ነው፤ ስለዚህ ሥጋ ደዌ ሲባል የሥጋ ሕመም ማለት እንጂ በራሱ ስድብነት የለውም። በተራው ሕዝብ አፍ የተለመደው ቁምጥና የሚለው ቃል ግን ቆመጠ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ መቆረጥንና ማጠርን ያመለክታል፤ ማለትም በሽታውን ሳይሆን በሽታው በጣትና በእግር ላይ ያደረሰውን ጉዳት ይጠራል። ቃሉ ውሎ አድሮ ስድብ ሆነ። ሕመምተኛውን ከማዕድ የሚያርቅ ምሳሌያዊ አነጋገር እንኳ በቋንቋችን ይገኛል። ከስድቡ የከፋው ደግሞ በሽታው በዘር ይወረሳል የሚለው እምነት ነበር። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ከመታጨቷ በፊት የሁለቱም ወገን አጥንት ይጠና ነበርና፣ ከአያት ቅድመ አያት አንድ ሕመምተኛ የተገኘበት ቤት ጤናማ ልጆቹን ለመዳር ይቸገር ነበር። ይህ እምነት የአገራችን ብቻ አልነበረም። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በአውሮፓ የታወቁት ሊቃውንትም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነበር። ሐንሰን ዕድሜውን የፈጀው ይህን ትምህርት ለማፍረስ ነው።

ጌርሃርድ ሄንሪክ አርማወር ሐንሰን ጁላይ 29 ቀን 1841 በርገን በምትባል የኖርዌይ የወደብ ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ ከአሥራ አምስት ልጆች ስምንተኛው ነበር። አባቱ ነጋዴ ነበር፤ ሆኖም ንግዱ ከስሮ ቤተሰቡ ተቸገረ። በዚህም የተነሣ ሐንሰን ክሪስቲያንያ ትባል በነበረችው በዛሬዋ ኦስሎ ሕክምና ሲማር የትምህርቱን ወጪ የሸፈነው ራሱ እየሠራ ነው። በ1866 በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቆ ለጥቂት ጊዜ በዋናው ሆስፒታል ካገለገለ በኋላ፣ ወደ ሰሜን ተጉዞ በሎፎተን ደሴቶች የዓሣ አጥማጆች ሐኪም ሆነ። በ1868 ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ።

በዚያን ዘመን በርገን ከአውሮፓ ከተሞች ሁሉ ብዙ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚገኙባት ከተማ ነበረች። በመላው ኖርዌይ የተመዘገቡት ሕሙማን ሦስት ሺህ ያህል ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ በምዕራቡ የባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ድሀ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። መንግሥት ከ1856 ጀምሮ የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ስም፣ መንደርና ቤተሰብ የሚይዝ አገር አቀፍ መዝገብ አቋቁሞ ነበር። ይህ ለአንድ በሽታ የተከፈተ የመጀመሪያው አገር አቀፍ መዝገብ ነው። ለሐንሰን ሥራ ከማይክሮስኮፑ ያላነሰ ጥቅም የሰጠው ይህ መዝገብ ይመስለናል።

ሐንሰን ሥራ የጀመረው በዳንኤል ኮርኔልየስ ዳንኤልሰን ሥር ነበር። ዳንኤልሰን ከባልደረባው ከቦክ ጋር በ1847 ስለ ሥጋ ደዌ ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ በመላው አውሮፓ ዝናን ያተረፈ ሊቅ ነው። የበሽታውን ምልክቶች ከእርሱ በፊት ያን ያህል አጥርቶ የገለጸ አልነበረም። ስለ መንሥኤው ግን በሽታው በዘር የሚተላለፍ ነው ብሎ ወስኖ ነበር። ውሳኔው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የሕመምተኛን ቁስል ፈሳሽ በራሱና በሥራ ባልደረቦቹ አካል ላይ በመርፌ አስገብቶ ሞክሮ ማንም አልታመመበትም። ወጣቱ ሐንሰን መምህሩን እጅግ ያከብር ነበር፤ ድምዳሜውን ግን አልተቀበለም። አንድ ቀን በተደረገ ሙከራ ያልታየ ነገር በዓመታት ውስጥ ሊታይ እንደሚችል ያስብ ነበር።

በ1870 እና በ1871 ወደ ቦንና ወደ ቪየና ተጉዞ የማይክሮስኮፕ ጥናት አሠራር ተማረ። የዳርዊንን መጽሐፍ ያነበበውም በዚሁ ጉዞ ነው፤ አስተሳሰቡንም በእጅጉ እንደለወጠው ይታወቃል። ከተመለሰ በኋላ ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን አካሄደ። በበጋ ወራት በጀልባና በእግር በምዕራብ ኖርዌይ መንደሮች እየተዘዋወረ ማን ከማን ጋር ይኖር እንደነበር፣ ማን ከማን ጋር በአንድ አልጋ ይተኛ እንደነበር፣ በሽታው በየትኛው ዓመት በየትኛው ቤት እንደታየ ይጠይቃል። በክረምት ደግሞ ከሕሙማን ቆዳ የተወሰደውን እብጠት በስሱ እየቆረጠ በማይክሮስኮፕ ይመረምራል። ከመንደሮቹ የሰበሰበው መረጃ የሚያመለክተው ወደ አንድ አቅጣጫ ነበር፤ በሽታው የሚከተለው የደም ዝምድናን ሳይሆን አብሮ መኖርን ነው። ዘመድ ያልሆነ የቤት አገልጋይ በሽታው ሲይዘው፣ ከሕመምተኛው የተወለደ ነገር ግን ርቆ ያደገ ልጅ ሳይነካ ይቀር ነበር።

ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1873 ሐንሰን ከአንድ ሕመምተኛ እብጠት በወሰደው ናሙና ውስጥ ቀጫጭን በትር የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮችን አየ። በኦስሚክ አሲድ በታከሙት ሕዋሳት ውስጥም እነዚሁ በትሮች ተከማችተው ተገኙ። ዛሬ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ብለን የምንጠራው ይህ ነው። ሮበርት ኮኽ የአባ ሰንጋን ባክቴሪያ ጠባይ ያስረዳው በ1876፣ የሳምባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ያስታወቀውም በ1882 መሆኑን ስናስታውስ የሐንሰን ግኝት ምን ያህል ቀዳሚ እንደነበረ እንረዳለን። ሆኖም ሐንሰን ጥንቁቅ ሰው ነበርና፣ በ1874 ለኖርዌይ ሐኪሞች ማኅበር ባቀረበው ዘገባ በሽታው ተላላፊ ስለመሆኑ የሰበሰበውን ማስረጃ በሰፊው ሲዘረዝር ስለ በትሮቹ የተናገረው በቁጥብነት ነው። መንሥኤው ይህ ነው ብሎ ለመደምደም የሚያስችለው ማረጋገጫ ገና አልነበረውም።

ያ ዓመት በግል ሕይወቱም የደስታና የሐዘን ዓመት ሆነበት። በጃንዋሪ 1873 የመምህሩን የዳንኤልሰንን ልጅ ስቴፋኒ ማሪን አገባ። ባለቤቱ የሳምባ ነቀርሳ ታማሚ ነበረችና በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር አረፈች። መምህሩ አማቱ በሆነበት ዓመት የመምህሩን የዕድሜ ልክ ትምህርት የሚያፈርሰውን ባክቴሪያ ማግኘቱ በሁለቱ መካከል ጠብ ያስነሣል ተብሎ ይገመት ይሆናል። ነገር ግን ዳንኤልሰን የእምነቱን ተቃራኒ የሚፈልገውን ወጣት ከሥራው አላባረረም፤ ቤተ ሙከራውንም አልከለከለውም። ይህ ለሽማግሌው ሊቅ ሊመሰገንበት የሚገባ ነው። ሐንሰን በ1875 ዮሃና ማርግሬቴ ቲደማንድ የተባለች ባሏ የሞተባት ሴት አግብቶ አንድ ወንድ ልጅ ወለደ፤ ልጁም በኋላ ሐኪም ሆነ። በዚያው ዓመት ሐንሰን ለመላው ኖርዌይ የሥጋ ደዌ ዋና ሐኪም ሆኖ ተሾመ።

ከዚህ በኋላ የመጡት ዓመታት የታሪኩ ከባድ ክፍል ናቸው። አንድ ባክቴሪያ የአንድ በሽታ መንሥኤ መሆኑን ለማረጋገጥ ባክቴሪያውን ከሕመምተኛው አውጥቶ በቤተ ሙከራ ማራባት፣ ከዚያም በጤነኛ እንስሳ ላይ በሽታውን ማስከተል ያስፈልጋል። ሐንሰን ሁለቱንም ደጋግሞ ሞከረ። ባክቴሪያው በመስታወት ዕቃ ውስጥ አልበቅል አለ። በጥንቸሎችና በሌሎች እንስሳት ላይ ያደረገው ሙከራም ፍሬ አላስገኘም። በትሮቹን ሁልጊዜ በሕሙማን ገላ ውስጥ ያያቸዋል፤ ከሕሙማን ውጭ ግን ሕይወት የላቸውም።

በ1879 አልበርት ናይሰር የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ሐኪም ወደ በርገን መጣ። ሐንሰን እንደ እንግዳ ተቀብሎ ልምዱንና ናሙናውን በለጋስነት ሰጠው። ናይሰር ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲሶቹ ኬሚካዊ ቀለሞች ናሙናውን ሲያቀልም በትሮቹ ጎልተው ታዩ፤ ወዲያውም የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘ ራሱ እንደሆነ አድርጎ ጻፈ። ማቅለሙ እውነተኛ ሥራ መሆኑ አይካድም። የቀዳሚነቱ ክብር ግን የእርሱ አልነበረም። ሐንሰን በ1880 ከዓመታት በፊት የሠራውን በተለያዩ ቋንቋዎች አሳትሞ መልስ ሰጠ፤ ውሎ አድሮም ዓለም ፈረደለት።

ይሁን እንጂ የማረጋገጫው ጉዳይ አሁንም አልተፈታም ነበር፤ ሐንሰንም በዚህ ተጨንቆ ሳለ ሊሠራው የማይገባውን ሠራ። ኖቬምበር 3 ቀን 1879 በሚያገለግልበት የሕሙማን መጠለያ ለብዙ ዓመታት ስትታከም የኖረች አንዲት የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት ወደ ክፍሉ አስጠራ። ሴትዮዋ የያዛት ነርቭን የሚያደነዝዘው ዓይነት ሥጋ ደዌ ሲሆን፣ ሐንሰን ከሌላ ሕመምተኛ እብጠት የወሰደውን ፈሳሽ በትንሽ ቢላዋ ጫፍ አድርጎ ዓይኗ ውስጥ አስገባባት። ዓላማው የእብጠቱ ዓይነት በሽታ ይተላለፍ እንደሆነ ለማየት ነበር። ፈቃዷን አልጠየቀም፤ ዓላማውንም አልነገራትም። ሴትዮዋ ታመመች፤ ነገሩንም ለመጠለያው ቄስ ነገረች። ጉዳዩ ወደ መንግሥት፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሐንሰን በችሎት ፊት ያደረገውን አልካደም፤ ብጠይቃት እሺ አትልም ብሎ በማሰብ እንዳልጠየቃት አመነ። በዚህ አባባል ራሱን እንደ ወነጀለ ልብ ይሏል። እሺ እንደማትል ማወቁ ያለ ፈቃድ ለመሥራት ምክንያት ሊሆን አይችልምና። ሜይ 31 ቀን 1880 የበርገን ፍርድ ቤት ከመጠለያው ሐኪምነት እንዲነሣ ፈረደበት። ሴትዮዋን አዲስ በሽታ አልያዛትም፤ ሙከራውም ለሐንሰን ምንም አላረጋገጠለትም።

ብዙ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ክፍል ይዘሉታል፤ ወይም በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። መዝለሉ ለሴትዮዋም ለሐንሰንም ፍትሕ አይሆንም። በዚያ ዘመን ሐኪሞች በድሀ ሕሙማን ላይ ሳይጠይቁ መሞከራቸው የተለመደ ነገር ነበር። አንዲት ድሀ ሕመምተኛ ታላቅ ሐኪም ከሳ ማሸነፏ ግን የተለመደ አልነበረም። የሕመምተኛ ፈቃድ በሕክምና ምርምር ውስጥ ስላለው ቦታ የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ፍርድ ዛሬም ያነሡታል።

ሐንሰን የመጠለያው ሐኪምነት ቢነሣውም የአገሪቱ የሥጋ ደዌ ዋና ሐኪም ሆኖ ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ጉልበቱን በሕግና በጤና አጠባበቅ ላይ አዋለ። ቀደም ሲል ድሀ ሕሙማን በየገበሬው ቤት በተራ እየተዘዋወሩ ይጦሩ ነበር፤ ይህ ልማድ በሽታውን ከቤት ወደ ቤት ያዛምታል በማለት በ1877 በሕግ እንዲቀር ምክንያት ሆነ። በ1885 የወጣው ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ሕመምተኛው በቤቱ የራሱ ክፍልና የራሱ ዕቃ እንዲኖረው፣ ይህ ካልተቻለም ወደ ሆስፒታል እንዲገባ ያዝዝ ነበር። ሕጉ ያለ ተቃውሞ አልወጣም። ባልን ከሚስት፣ እናትን ከልጆቿ የሚለይ ጭካኔ ነው ያሉ ሐኪሞች ነበሩ፤ ክርክሩም ከልብ የመነጨ ነበር። በምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ግን በኖርዌይ የነበሩት ሕሙማን ከሦስት ሺህ ወደ ጥቂት መቶዎች ዝቅ አሉ። ለዚህ ውጤት የሕጉ ድርሻ ምን ያህል፣ የኑሮ መሻሻል ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

የዘር ትምህርት ሐንሰንን የሚያስጨንቀው ሌላም ምክንያት ነበረ። በሽታው በደም የሚወረስ ከሆነ ወደ አሜሪካ የተሰደዱት የኖርዌይ ሕሙማን ልጆችና የልጅ ልጆች ሊታመሙ ይገባል። ሐንሰን ይህን ለማጣራት በ1888 አትላንቲክ ውቅያኖስን ተሻግሮ በሚኔሶታ፣ በዊስኮንሲንና በዳኮታ የስደተኞቹን ቤቶች አንድ በአንድ ጎበኘ። ሥጋ ደዌን ይዘው ከተሰደዱት ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ዘር መካከል የታመመ አንድም አላገኘም። እንግሊዛዊው ሐቺንሰን በሽታው የሚመጣው የተበላሸ ዓሣ በመብላት ነው እያለ እስከ ሞቱ ቢከራከርም፣ የዘር ትምህርት ከዚያ ወዲህ የሚከላከልለት አጣ። በ1909 ሁለተኛው ዓለም አቀፍ የሥጋ ደዌ ጉባኤ በበርገን ሲካሄድ ሊቀ መንበሩ ሐንሰን ነበር። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1912 ለሥራ በወጣበት ጉዞ ፍሎሮ በምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ በልብ ሕመም አረፈ።

ሐንሰን ሲሞት ለሥጋ ደዌ የሚረባ መድኃኒት አልነበረም። በሕንድ የቆየው የቻልሙግራ ዘይት ይሰጥ ነበር፤ ዘይቱ ለመዋጥም በመርፌ ለመወጋትም የሚያስመርር ሲሆን ጥቅሙ እጅግ አነስተኛ ነበር። ተስፋ የታየው በ1941 ነው፤ በአሜሪካ በካርቪል ሆስፒታል ፕሮሚን የተባለ መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጥ ቁስሎች መዳን ጀመሩ። ከዚያም የዚሁ ዘመድ የሆነው ዳፕሶን በእንክብል መልክ ተሠራ። ዋጋው ርካሽ በመሆኑ በ1950ዎቹ በመላው ዓለም ተሠራጨ። በኢትዮጵያም ለዓመታት የሕሙማን ዋና ተስፋ ይህ ነጭ እንክብል ነበር።

ነገር ግን ለሐንሰን ያልታዘዘው ባክቴሪያ ለተከታዮቹም በቀላሉ አልታዘዘም። ሌሎች ባክቴሪያዎች በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ በአንድ ሌሊት ይበቅላሉ፤ አንድ አዲስ አንቲባዮቲክ ቢመጣ ጠብ ሲደረግባቸው መሞት አለመሞታቸው በማግስቱ ይታወቃል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ግን በሳህን ላይ አይበቅልም። በሰው ገላ ውስጥም ቢሆን አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስድበታል። ታዲያ አንድ መድኃኒት መግደሉን፣ ወይም ባክቴሪያው መድኃኒቱን መልመዱን በምን ማወቅ ይቻላል?

መልሱ በ1960 ተገኘ። አሜሪካዊው ሼፐርድ ባክቴሪያው በአይጥ የእግር መዳፍ ውስጥ በመጠኑ እንደሚራባ አሳየ። የእግር መዳፍ ከሌላው ገላ ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ለባክቴሪያው ይስማማዋል። የፍተሻው አሠራር የሚከተለው ነው። ከሕመምተኛው ቆዳ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ይፈጫል፤ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች በማይክሮስኮፕ ይቆጠራሉ፤ ከዚያም አምስት ሺህ ወይም አሥር ሺህ ያህሉ በየአይጡ መዳፍ ይወጋሉ። ከአይጦቹ ከፊሎቹ ተራ መኖ ይበላሉ፤ የቀሩት በተለያየ መጠን ዳፕሶን የተቀላቀለበት መኖ ይሰጣቸዋል። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ከተጠበቀ በኋላ የሁሉም መዳፍ ተመርምሮ ባክቴሪያዎቹ እንደገና ይቆጠራሉ። ተራ መኖ በበሉት ላይ ወደ ሚሊዮን ተራብቶ መድኃኒት በበሉት ላይ ካልጨመረ መድኃኒቱ ይሠራል። በሁለቱም ላይ ከተራባ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተቋቁሟል ማለት ነው። ለአንድ ጥያቄ አንድ ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል።

በዚህ መንገድ በ1964 ዳፕሶንን የተቋቋመ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ መኖሩ በማሌዢያ ተረጋገጠ። በአዲስ አበባም የአለርት ሐኪሞች ለዓመታት ዳፕሶን ሲወስዱ ቆይተው እንደገና ቁስል የወጣባቸውን ሕሙማን ያስተውሉ ነበር። ሕሙማኑ እንክብሉን እየጣሉ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ አንዳንዱን ሐኪም ሳይሸነግል አልቀረም። በ1970ዎቹ ከለንደን ተመራማሪዎች ጋር በመተባበር ናሙናቸው በአይጥ መዳፍ ሲፈተሽ ግን ጥፋቱ የሕሙማኑ ብቻ እንዳልሆነ ታወቀ። ከባዱ ዓይነት ሥጋ ደዌ ካለባቸው መካከል በየዓመቱ ከመቶ ሦስት ያህሉ መድኃኒቱን የሚቋቋም ባክቴሪያ ይወጣባቸው ነበር። በ1977 የታተሙ ጥናቶች ከዚህም የባሰ ነገር አመለከቱ። ዳፕሶንን ከዚህ በፊት ቀምሰው የማያውቁ አዲስ ሕሙማንም መድኃኒቱን በለመደ ባክቴሪያ ተይዘው ተገኙ። ይህ ማለት መድኃኒት የለመደው ባክቴሪያ ከሰው ወደ ሰው መተላለፍ ጀምሯል ማለት ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት የይፋትን ገበሬ እናስብ። ማሽላውን ሲያርም ከማሽላው ጋር የሚመሳሰለውን አረም ሳያውቅ ቢተወው፣ በየዓመቱ የሚተርፈውና ዘር የሚጥለው ያ አረም ብቻ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማሳው በእርሱ ይሞላል። ከባድ ሥጋ ደዌ ባለበት ሰው ገላ ውስጥ በመቶ ቢሊዮን የሚቆጠር ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ከዚህ ሁሉ መካከል ዳፕሶን የማይገድላቸው ጥቂቶች በተፈጥሮ ይገኛሉ። ብቻውን የሚሰጥ መድኃኒት ሌሎቹን ሲያጠፋ ለእነዚህ ቦታ ያሰፋላቸዋል። ነገር ግን በሌላ መንገድ የሚገድል ሁለተኛና ሦስተኛ መድኃኒት አብሮ ከተሰጠ፣ አንዱን ያመለጠው በሌላው ይያዛል። ሪፋምፒሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በ1970 ግድም በሥጋ ደዌ ላይ ሲሞከር ባክቴሪያውን በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚገድል ሆኖ ተገኘ። የዓለም የጤና ድርጅት በ1981 ያሰባሰባቸው ሊቃውንት ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን በአንድነት እንዲሰጡ ወሰኑ። ውሳኔውን ካስገደዱት ማስረጃዎች አንዱ ከአዲስ አበባ ሕሙማን የተገኘው ነበር።

የአለርት የቁጥጥር ሥራ በዚያን ጊዜ ሸዋን ይሸፍን ነበር፤ ይፋትና ጥሙጋ አውራጃም የሸዋ አካል ነበር። ሦስቱ መድኃኒቶች በ1980ዎቹ ለኢትዮጵያ ሕሙማን መሰጠት ሲጀምሩ የአወሳሰዱ ሥርዓት ተለወጠ። ሪፋምፒሲን በወር አንድ ጊዜ በጤና ሠራተኛ ፊት ይዋጣል፤ የቀሩት በየቀኑ በቤት ይወሰዳሉ። ዕድሜ ልክ ይወሰድ የነበረው መድኃኒት ለአንዱ ዓይነት በስድስት ወር፣ ለሌላው መጀመሪያ በሁለት ዓመት፣ በኋላም በአሥራ ሁለት ወር የሚያልቅ ሆነ። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ በሽታውን ማስተላለፍ ስለሚያቆም፣ ከቤቱና ከቤተሰቡ የሚለይበት ምክንያት አልቀረም። ጣርማ በርን በእግሩ መውጣትም አላስፈለገውም። ኢትዮጵያ በ1999 የሕሙማኑን ቁጥር በአገር አቀፍ ደረጃ ከአሥር ሺህ ሰው ከአንድ በታች አደረሰች።

ይህ ቁጥር በሽታው ጠፋ ማለት አይደለም። ባለፉት ዓመታት በአገራችን በየዓመቱ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ አዳዲስ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ብዙዎቹም ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡት ጣታቸው ከደነዘዘ ወይም ከታጠፈ በኋላ ነው። አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከሥጋ ደዌ ሌላ በሳምባ ነቀርሳና መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ላይ ይመራመራል። ባክቴሪያው ሪፋምፒሲንን መቋቋም አለመቋቋሙን ለማወቅም እንደ ቀድሞው አይጥ አይጠበቅም፤ የባክቴሪያው ዘረ መል ተነብቦ በጥቂት ቀናት ይታወቃል። በ2001 መላው ዘረ መሉ ተነቦ ሲያልቅ ግማሽ ያህሉ በዘመናት ብዛት የተበላሸና ሥራ የፈታ ሆኖ ተገኘ። ባክቴሪያው ራሱን ችሎ ለመኖር የሚያስፈልገውን አብዛኛውን ነገር ጥሎ ከሌላ ፍጡር ሕዋስ ውጭ መኖር የማይችል ሆኗል። ሐንሰን በበርገን ቤተ ሙከራው ለዓመታት የደከመበትን ይህን ባክቴሪያ በመስታወት ሳህን ላይ ለማብቀል እስከ ዛሬ የቻለ ሰው የለም።